የአምባሳደር ማኬና መልቀቂያ፦ «ከሥራው ሸሸ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ እንቅልፍ ባይነሳኝም ብዕር አስነስቶኛል። ጸሐፊው ከሃያ ዓመት በፊት የሆነ ጉዳይ ከመዝገብ አውጥተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ አንድ አምባሳደር ላይ ፍርድ ሰጥተዋል። አምባሳደሩ ካናዳዊው ፍራንክ ማኬና ናቸው። ፍርዱም «በጭንቅ ሰዓት ከሥራው የሸሸ ሹመኛ» የሚል ነው።

ነገሩን ላልተከታተለ በአጭሩ ላስታውስ። ማኬና የሊበራል ፓርቲ ሰው ናቸው፤ የኒው ብራንስዊክን ክፍለ ግዛት ለአሥር ዓመት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሊበራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ማርቲን በዋሽንግተን የካናዳ አምባሳደር አድርገው ሾሟቸው፤ ማርች ላይ ሥራ ጀመሩ። ዓመት ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2006 በተደረገው ምርጫ ሊበራሎች ተሸነፉ። ከ308ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 124ቱን ያገኙት ወግ አጥባቂዎች ያለ አብላጫ ድምፅ መንግሥት ለመመሥረት ተዘጋጁ። ማኬናም በዚያው ሳምንት፣ መጪው ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር ገና ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ፣ የሥራ መልቀቂያቸውን አቀረቡ። የሆነው ይኸው ነው።

ጸሐፊው ግን ከዚህች አንዲት ደብዳቤ ብዙ ኃጢአት አውጥተዋል። ያነሷቸውን ነጥቦች በየተራ እመለከታለሁ፤ የተስማማሁበትን ተስማምቻለሁ እላለሁ።

የክሳቸው ሁሉ መሠረት አምባሳደር የአገር እንጂ የፓርቲ አይደለም የሚለው ነው። ስለዚህ ፓርቲው ሲሸነፍ የሚለቅ አምባሳደር፣ ድሮውንም የፓርቲ ተላላኪ እንደነበረ በገዛ እጁ መሰከረ ይሉናል። ሲሰማ ያምራል። የመጀመሪያውን ግማሽ እኔም እፈርምበታለሁ። ስህተቱ አምባሳደር ሁሉ በአንድ መንገድ አምባሳደር የሚሆን መምሰሉ ላይ ነው።

ካናዳ ራሷ ጥሩ ማነጻጸሪያ ትሰጠናለች። አለን ጎትሊብ በ1981 መጨረሻ ዋሽንግተን ሲመደቡ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያደጉ፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን በቋሚ ኃላፊነት የመሩ ባለሙያ ነበሩ። በ1984 ሊበራሎች ተሸንፈው ወግ አጥባቂው ብራያን ማልሩኒ ሲመጡ ጎትሊብ ከቦታቸው አልተነሱም፤ እስከ 1989 ሠሩ። ለምን? ይዘውት የሄዱት ሀብት የራሳቸው ስለነበር ነው። የፋይል እውቀት፣ የዓመታት ልምድ፣ የመሥሪያ ቤቱ እምነት። ይህ ሀብት በምርጫ ማግስት አይረግፍም።

ማኬና ይዘው የሄዱት ሌላ ነው። እርሳቸውን የመሰለ ሰው አምባሳደር ሆኖ ሲላክ፣ የተቀባዩ አገር ባለሥልጣናት የሚያዩት የትምህርት ማስረጃውን አይደለም። «ይህ ሰው ስልክ ቢያነሳ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያነሱለታል ወይ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። መልሱ አዎ ከሆነ፣ እራት ላይ የሚናገረው ቃል ሁሉ እንደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቃል ይመዘናል።

ለዚህ ከማኬና ከራሳቸው ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም፤ ጸሐፊው ለምን እንደዘለሉት አላውቅም። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2005፣ ማኬና ሥራቸውን ገና ሳይጀምሩ፣ በካናዳ ዋና ከተማ ኦታዋ ውስጥ ለጋዜጠኞች ስለ አሜሪካ የሚሳይል መከላከያ ተናገሩ። በኖራድ (የአሜሪካና የካናዳ የጋራ የአየር መከላከያ ዕዝ) ስምምነት ላይ በተደረገው ማሻሻያ ምክንያት ካናዳ የዚህ መከላከያ አካል ሆናለች ማለት ይቻላል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ምክር ቤቱ ተናወጠ። ተቃዋሚዎች መንግሥት ከሕዝብ ደብቆ ተስማምቷል አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የማርቲን መንግሥት ካናዳ በዚህ መከላከያ እንደማትሳተፍ በይፋ አስታወቀ። አሁን ያንኑ ቃል አንድ የኤምባሲ አማካሪ ቢናገረው ኖሮ ማን ዞሮ ያየው ነበር? ቢበዛ አለቃው ጠርቶ ይገሥጸዋል። የማኬና ቃል አገር ያናወጠው ሁሉም ከኋላቸው ማርቲንን ስላየ ነው።

እንግዲህ ያ ክብደት የተዋሱት ነበር። አዋሹ ሰው ከቤተ መንግሥት ሲወጣ ክብደቱም አብሮ ይወጣል። ጃንዋሪ 24 ጠዋት ማኬና ወደ አንድ ሴናተር ቢሮ ቢሄዱ፣ «የኦታዋ አቋም እንዲህ ነው» ሲሉ ሴናተሩ በልቡ «የየትኛው ኦታዋ?» ማለቱ አይቀርም። ሰውየው አገሩን ይወዳል አይወድም የሚለው ጥያቄ እዚህ ቦታ የለውም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት አይደለም። በወጣትነቴ በአንድ ኤምባሲ (የማን እንደሆነ አልናገርም) በአስተርጓሚነትና በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። አምባሳደሩ የቀድሞ ሚኒስትር፣ የፓርቲ ሰው ነበሩ። አገራቸው ምርጫ ተደርጎ ፓርቲያቸው ወደቀ። እርሳቸው ግን ልክ እንደ ጸሐፊያችን «እኔ የአገር እንጂ የፓርቲ አይደለሁም» ብለው ተቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ለእኛ ለትንንሾቹ ሠራተኞች ደግ ነበሩ። ቢሮው ውስጥ የሆነው ግን ይኸው ነው፦ የተቀባዩ አገር የውጭ ጉዳይ ሠራተኛ በኤምባሲው ቋሚ መስመር መደወል ትቶ በምክትላቸው የእጅ ስልክ መደወል ጀመረ። ከዋና ከተማቸው የሚመጣው መልእክት እየቀጠነ ሄዶ፣ ስለ በዓላትና ስለ ሒሳብ መዝጊያ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ጠዋት ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የአገሩ ጋዜጣ ተዘርግቷል፤ ፎቶግራፉ ላይ ከአገራቸው የመጣ የንግድ ልዑክ ከሚኒስትሩ ጋር ተቀምጧል። እርሳቸው ልዑኩ መምጣቱን አልሰሙም ነበር። «ተርጉምልኝ» አሉኝ። ተረጎምኩ። ከፎቶው ሥር ያለውን የስም ዝርዝር እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። ለሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁኝም፤ ጋዜጣውን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ አራት ወር ቆይተዋል። በእነዚያ አራት ወራት ለአገራቸው ምን እንዳተረፉላት ጸሐፊው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ጸሐፊው ሕግ ጠቅሰዋል። ስለ ዲፕሎማሲ ግንኙነት የወጣው የቪየናው ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) መንግሥት ሲቀየር አምባሳደር ይልቀቅ አይልም፤ የሹመት ደብዳቤውም ዋጋ አያጣም ይላሉ። ትክክል ናቸው። በ1961 የተፈረመውና በ1964 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ኮንቬንሽን 53 አንቀጾች አሉት፤ አንዱም የፖለቲካ ተሿሚ የሚል ቃል የለበትም። አንቀጽ 43 የዲፕሎማት ሥራ የሚያበቃባቸውን ሁኔታዎች ሲጠቅስ አንዱ ላኪው አገር ሥራው ማብቃቱን ለተቀባዩ ሲያስታውቅ ነው ይላል። የካናዳ አምባሳደር የሹመት ደብዳቤ ደግሞ የሚወጣው በጠቅላይ ገዥው (በዘውዱ እንደራሴ) ስም ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሄድና ሲመጣ ጠቅላይ ገዥው በቦታው ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን አንጻር ማኬና ጃንዋሪ 24 ቀንም ሙሉ አምባሳደር ነበሩ። በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ነገር ግን ኮንቬንሽኑ ዝም ያለው ነገሩ አያስፈልግም ብሎ አይደለም። ኮንቬንሽኑ የሚደነግገው በሁለት አገሮች መካከል ያለውን ነው፤ ማን አግሬማ (ለዕጩው አምባሳደር የተቀባዩን አገር ቅድመ ፈቃድ) ይጠይቃል፣ ማን ያለ መከሰስ መብት አለው፣ አምባሳደር ሲጎድል ማን በጉዳይ ፈጻሚነት ይተካል። አንድ መንግሥት ከገዛ መልእክተኛው ጋር ያለውን ውል ለዚያው አገር ሕግና ልማድ ትቶታል። በካናዳ ልማድ አምባሳደር የሚሾመው በመንግሥት ፈቃድ እስከተፈለገ ድረስ ነው፤ የሥራ ዘመን ዋስትና የለውም። በአሜሪካም አምባሳደር የሚያገለግለው ፕሬዚዳንቱ እስከፈቀደ ድረስ ነው፤ አዲስ ፕሬዚዳንት ሲመጣ አምባሳደሮች መልቀቂያቸውን ማስገባታቸው የቆየ ልማድ ነው። በፖለቲካ የተሾሙት ደብዳቤ ይጸድቃል፤ የባለሙያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጸድቅ ይቆይና ጊዜያቸውን ይጨርሳሉ። ሕግ በጻፈው ላይ ልማድ አይጨምርም ያለ ሰው የዲፕሎማሲን ግማሽ ያላየ ነው፤ በዚህ ሙያ እኮ ማን በየትኛው በር ይገባል የሚለው እንኳ ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሠሩት አንድ ማምታታት አለ፤ ሳላነሳው ባልፍ ይቆጨኛል። «በጽናት የቆሙ አምባሳደሮች» ብለው ካመሰገኗቸው መካከል የማይናማሩ ኪያው ሞ ቱን ይገኙበታል። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጦሩ ሥልጣን ሲይዝ እኚህ ሰው በተባበሩት መንግሥታት የማይናማር አምባሳደር ነበሩ። ፌብሩዋሪ 26 በጠቅላላ ጉባኤው ቆመው መፈንቅለ መንግሥቱን አወገዙ፤ የተቃውሞ ምልክት የሆነውን ሦስት ጣታቸውን አነሱ። በማግስቱ ጦሩ አባረርኳቸው አለ፤ እርሳቸው ግን ወንበሩን አልለቀቁም። ለንደን የነበሩት አምባሳደር ኪያው ዝዋር ሚን ደግሞ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የገዛ ኤምባሲያቸው በር ተዘግቶባቸው መንገድ ላይ ቀሩ። ሁለቱንም አከብራለሁ። ግን እነዚህን አንሥቶ ማኬናን መውቀስ ምን ማለት ነው? በማይናማር በሕዝብ የተመረጠውን መንግሥት ከሥልጣን ያነሳው ጠመንጃ ነው። በካናዳ ግን መንግሥትን የቀየረው መራጩ ነው። ኪያው ሞ ቱን ቢለቁ ወንበሩን ለወሰደው ኃይል ማስረከባቸው ነበር፤ ማኬና ባይለቁ ግን ሕዝብ የመረጠውን ሰው ምርጫ ማጥበባቸው ነው። አንዱ እንዲቆም ያስገደደው መርሕ፣ ሌላው እንዲለቅ ያደርገዋል።

በነገራችን ላይ መንግሥት ሳይቀየርም በተቃውሞ የሚለቅ አምባሳደር አለ። በ1965 በዋሽንግተን የኢትዮጵያ አምባሳደር የነበሩት ብርሃኑ ድንቄ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ባለመስማማታቸው ሥራቸውን መልቀቃቸው የታወቀ ነው። ያ ሦስተኛ ዓይነት ነው። «መልቀቅ» በሚል አንድ ቃል ሦስቱን ጠቅልሎ መዳኘት ግን ለጽሑፍ ይመች ይሆናል እንጂ ለፍርድ አይመችም።

ሦስተኛው ክስ ጠንከር ያለ ይመስላል። ማኬና የለቀቁት የጣውላ ንግድ ክርክሩ በጋለበት ወቅት ነው፤ ድርድሩን ያለ ተጠሪ ጥለውት ሄዱ ይላል። የጣውላው ክርክር በሁለቱ አገሮች መካከል ለዓመታት የዘለቀ፣ አሜሪካ ከካናዳ ጣውላ አስመጪዎች ከ5 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ቀረጥ የሰበሰበችበት ቁስል ነበር። ወቅቱም መልካም አልነበረም። በምርጫው ዘመቻ መካከል፣ ዲሴምበር 2005፣ ኦታዋ የነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር ዴቪድ ዊልኪንስ ማርቲን ለምርጫ ሲሉ አሜሪካን መሳደባቸውን እንዲተዉ በአደባባይ አስጠንቅቀዋል። (ዊልኪንስም የፖለቲካ ተሿሚ ናቸው፤ የፕሬዚዳንት ቡሽ ሰው፣ የደቡብ ካሮላይና ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩ። ቡሽ ሲወርዱ እርሳቸውም ሄዱ፤ ማንም «ሸሹ» አላላቸውም።)

አሁን የቀን አቆጣጠሩን እንይ። ማኬና መልቀቂያ ያቀረቡት በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ሃርፐር ፌብሩዋሪ 6 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በዚያው ወር ማይክል ዊልሰንን ተተኪ አድርገው ሰየሙ። ዊልሰን በማልሩኒ ዘመን የገንዘብ ሚኒስትር፣ ኋላም የንግድ ሚኒስትር ሆነው የሰሜን አሜሪካን ነፃ ንግድ ድርድር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ማርች ላይ ዋሽንግተን ገቡ። ኤፕሪል 27 የጣውላው ስምምነት ማዕቀፍ ይፋ ሆነ፤ ሴፕቴምበር ላይ ተፈረመ፤ ከተሰበሰበው ቀረጥ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው ለካናዳውያኑ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ዊልሰን ሠሩት ማለቴ አይደለም፤ ሃርፐርና ቡሽ ነገሩን መቋጨት ፈልገው ነበር፤ ስምምነቱንም ካናዳ ውስጥ «አንድ ቢሊዮኑን ለምን ተውንላቸው» ብለው የተቹት ብዙ ናቸው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጸሐፊው «ተጥሎ የሄደ» ያሉት ፋይል፣ ከመልቀቂያው በኋላ በሦስት ወር ገደማ ለዓመታት ያላገኘውን እልባት አገኘ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር የራሳቸውን ሰው ለመላክ አንድም ቀን ከማንም ጋር መጋፋት አላስፈለጋቸውም። መንገዱን የጠረገው ያ የጃንዋሪ ደብዳቤ ነው።

የሥልጣን ጥም የተባለውን በአጭሩ ልለፈው። ማኬና የለቀቁት የሊበራል ፓርቲን መሪነት ለመያዝ ነው ይላሉ ጸሐፊው። በዚያ ሳምንት ኦታዋ ውስጥ ወሬው ይህ ነበር፤ ማርቲን በምርጫው ምሽት ከመሪነት እንደሚወርዱ አስታውቀዋልና የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው ማኬና ላይ ነው። ከዚያስ? ጃንዋሪ ሳያልቅ ማኬና ለመሪነት እንደማይወዳደሩ ተናገሩ። አልተወዳደሩምም። ወደ ባንክ ሥራ ገቡ። ሰውየው በዚህ ጉዳይ የቆየ ታሪክ አላቸው፦ በ1987 በኒው ብራንስዊክ ምርጫ 58ቱንም መቀመጫ ጠራርገው ሲያሸንፉ ከአሥር ዓመት በላይ አልቆይም ብለው ነበር፤ አሥሩ ዓመት ሲሞላ ለቀቁ። ወሬውን የጻፈ ጋዜጣ ማስተባበያውንም ጽፏል፤ ጸሐፊው የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ሁለተኛውን አልገለጡትም።

ይልቅ ቆም ብዬ ማየት የምፈልገው «ሌሎች ቆይተዋል፤ እርሳቸው ምን አነሳቸው?» የሚለውን ነው። ከክሶቹ ሁሉ ጥሩ ጥያቄ ይህ ነውና።

ጸሐፊው የጠቀሱት ምሳሌ ማይክ ማንስፊልድ ናቸው። ዴሞክራቱ ካርተር በ1977 ወደ ጃፓን ላኳቸው፤ በ1981 ሪፐብሊካኑ ሬገን ሲመጡ እዚያው ቆዩ፤ እስከ 1988 አገለገሉ። እኔ ራሴ ተጨማሪ ምሳሌ ልስጣቸው። የማኒቶባው መሪ ጌሪ ዶር የግራው የአዲሱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰው ሆነው ሳለ በ2009 ወግ አጥባቂው ሃርፐር ራሳቸው ዋሽንግተን ላኳቸው። ከዚያ በፊትም በ1984 ማልሩኒ የዚሁ ፓርቲ ሰው የሆኑትን ስቲቨን ሉዊስን በተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር አድርገዋል። እንግሊዝም አላት፤ የሌበር ፓርቲው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን በ1968 ወግ አጥባቂውን ክሪስቶፈር ሶምስን ፓሪስ ሾመዋል።

እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት አንድ መሪ ከሌላ ፓርቲ ሰው መርጦ ሊያምን እንደሚችል ነው። መርጦ! ማንስፊልድን ያቆየው የማንስፊልድ እንቢታ ሳይሆን የሬገን ፈቃድ ነው። ሬገን እንዲቆዩ ፈለጉ፤ ስለፈለጉም ቶኪዮ ሰውየውን እንደ ካርተር ቅሪት ሳይሆን እንደ ሬገን አምባሳደር አየቻቸው። ያ ፈቃድ ባይኖር የ1977ቱ ሹመት በ1981 ምን ይፈይድ ነበር?

ጸሐፊው ያላዩት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። መልቀቂያ ማቅረብና ሥራ መልቀቅ ሁለት ነገር ናቸው። ደብዳቤው የሚለው «ሄጃለሁ» አይደለም፤ «የላከኝ ሰው የለም፤ እርስዎ ከላኩኝ እቆያለሁ፣ ካልላኩኝ ይኸው መንገዱ» ነው። አዲሱ መሪ ደብዳቤውን ተቀብሎ ማመስገን ይችላል፤ መልሶ ኪሱ መክተትም ይችላል። ደብዳቤው ካልተጻፈ ግን ምርጫው ይበላሽበታል። ሰውየውን ቢያነሳ «በቀል ነው» ይባላል፤ ቢተወው ያላመነበትን ሰው ስሙን አስይዞ አቆየ ማለት ነው። ፒተር ጄይን እናስታውስ። በ1977 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ካላሃን መንግሥት የካላሃንን አማች፣ የአርባ ዓመቱን ጋዜጠኛ፣ ዋሽንግተን ሲልክ የተነሳው ጫጫታ ቀላል አልነበረም። በ1979 ታቸር አሸነፉ፤ ጄይ ለቀቁ፤ በቦታቸው አንጋፋው ዲፕሎማት ኒኮላስ ሄንደርሰን ተተኩ። የሹመታቸው አገባብ ብዙ ቢያስወቅስም አወጣጣቸውን የነቀፈ አልሰማሁም።

በእኛ ዘንድ ይህ ነገር እንግዳ የሚመስለን ለምን እንደሆነ አንዳንዴ አስባለሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ፣ ሳይሻር የሚወጣ ሹመኛ ሲያይ «ምን አስቦ ነው?» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ወንበር ተይዞ የሚጠበቅ፣ ሰው እስኪጎትተው የማይለቀቅ ነገር አድርገን ነው የምናስበው። ጸሐፊውም ከዚህ የወጡ አልመሰለኝም።

አሁን እጄን የምሰጥበት ቦታ ደረስኩ። አምባሳደሮች ሲለቁ ኤምባሲ ባዶ ይቀራል፤ የተቀባዩ አገርም ይቀየማል ያሉት ውሸት አይደለም። ናይጄሪያ ከዚህ ዘመን ሁሉ ግልጽዋ ምሳሌ ናት። ፕሬዚዳንት ቲኑቡ በሴፕቴምበር 2023 በውጭ ያሉትን አምባሳደሮች ከጥቂቶች በቀር በሙሉ፣ ባለሙያውንም የፖለቲካ ተሿሚውንም ሳይለዩ፣ ወደ አገር ቤት ጠሩ። አዲስ ዕጩዎች ወደ ሴኔቱ መላክ የጀመሩት በ2025 መጨረሻ አካባቢ ነው። ከመቶ በላይ ሚሲዮን (ኤምባሲና ቆንስላ) ያላት አገር ከሁለት ዓመት በላይ በጉዳይ ፈጻሚ ኖረች። ጉዳይ ፈጻሚ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ደረጃው ደረጃ ነው፤ የአምባሳደር ደብዳቤ ለርዕሰ ብሔር ሲቀርብ የጉዳይ ፈጻሚው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው የሚቀርበው። ርዕሰ ብሔሩ ዘንድ የሚገባበት በር ጠባብ ነው።

የሰው ፊትም አለው ነገሩ። በጃንዋሪ 2017 የትራምፕ ቡድን በፖለቲካ የተሾሙት የኦባማ አምባሳደሮች በበዓለ ሲመቱ ቀን ቢሮ እንዲለቁ ሲያዝ፣ ከዚያ በፊት ልጆች ትምህርት ቤት ላሏቸው ይሰጥ የነበረውን የወራት ጊዜ ነፈገ። በትምህርት ዓመት መካከል ልጅ ይዞ አገር መቀየር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ግን ጥፋቱ የማን ነው? ናይጄሪያ ውስጥ ወንበሩን ባዶ ያቆየው ጠሪው መንግሥት ነው። በ2017 ጊዜ የነፈገው አዲሱ ቡድን ነው። መልቀቂያ ያቀረበ አምባሳደር «እስኪተኩኝ እጠብቃለሁ» ቢል ማንም አይከለክለውም፤ የሚተካው ሰው በወር ውስጥ ይምጣ ወይም በሁለት ዓመት፣ ያ የአዲሱ መሪ ሥራ ነው። ጸሐፊው ዕዳውን የሚያስከፍሉት የተሳሳተውን ሰው ነው።

መፍትሔ ብለው ያቀረቡት፣ የፖለቲካ ሹመት ቀርቶ ሁሉም አምባሳደር ከመሥሪያ ቤቱ ያደገ ይሁን የሚለው፣ ለሌላ ቀን ይደር። ብዙ አልቃወመውም። ብቻ ባለሙያ መሆን መድን እንደማይሆን ያስታውሱ፤ በዲሴምበር 2025 የትራምፕ አስተዳደር ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ባለሙያ አምባሳደሮችን ከየአገሩ ጠርቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። የፖለቲካ ተሿሚ ከሿሚው ጋር ሲሄድ አንድ ሰው ሄደ፤ ባለሙያው እንደ ፓርቲ ሰው ሲቆጠር ግን ነገ ጎትሊብን የሚተካ አይገኝም።

የቀረችኝ አንዲት ነጥብ ናት። ጸሐፊው ማኬና እስኪባረሩ ቢጠብቁ የበለጠ ክብር ነበራቸው ብለው ዘግተዋል። ስለዚያ አምባሳደር ያልጨረስኩትን ልጨርስ።

አራት ወር ቆይተዋል ብያለሁ። ደብዳቤው የመጣው በማክሰኞው ፖስታ ነው። መዝገብ ቤት እኔ ነበርኩ፤ ገቢ ደብዳቤ ከፍቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ለሚመለከተው ክፍል የማደርሰው እኔ ነኝ። ከፈትኩት። አንድ ገጽ ነው። የተጻፈው ለምክትላቸው ሲሆን፣ ከመጪው ወር አንድ ጀምሮ በጉዳይ ፈጻሚነት ሚሲዮኑን እንዲረከብ፣ የመኖሪያ ቤቱንም ዕቃ በዝርዝር ቆጥሮ እንዲያስፈርም ያዛል። እስከ ታች አነበብኩት። ከፊርማውና ከማኅተሙ ሥር፣ በትንንሽ ፊደል፦

ግልባጭ፤
ለክቡር አምባሳደር